ሦስት ወር ከስድስት ቀን

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገር ዕድገትና ስለ ምሁር ኀላፊነት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ከዚያ ሁሉ ያነሰ ጉዳይ ነው። ይኸውም አክስቴ በኔ ምክር ምክንያት የ11 ዓመት ሥራዋን እንዴት እንዳጣችና፣ በዚሁ ሰበብ ከአንድ የልደታ ጠበቃ ጋር ተዋውቄ ምን እንደተማርሁ ነው። ታሪኩ ለተራኪው ክብር የሚጨምር አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ከየቤተ ሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያ ሰዎች በመሆናችን፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት የደረሰው ዘመድ ሁሉ ወደኛ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የኔ ስሕተት ለሌላው መጠንቀቂያ ቢሆን ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

በ2016 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ቤት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። በምስለ ችሎት ውድድር ላይ ተናግሬ ስለ ተጨበጨበልኝ፣ ጠበቃ ማለት አንደበቱ የማይያዝ ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ ማሰቤ ከባዶ የመጣ አልነበረም። በተጠየቅ ሙግት ዘመን አባቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በምሳሌና በቅኔ እየተናገሩ ባላጋራቸውን ይረቱ እንደ ነበር ሰምተን አድገናል። እኔም ራሴን ከነዚያ እንደ አንዱ እቆጥር ነበር፤ ቤተ ሰቤም ገና ሳልመረቅ "የኛ ጠበቃ" ብሎ ሾሞኝ ነበር።

አክስቴ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 11 ዓመት የሠራች ሴት ናት። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጀመሪያ አያቴ መንዝ ላይ ዐረፉ። አክስቴ ለፈረቃ አለቃዋ በስልክ ተናግራ እናቷን ልትቀብር ሄደች። መንገዱ በዚያን ጊዜ ልሂድ ሲሉት የሚሄዱበት፣ ልመለስ ሲሉት የሚመለሱበት አልነበረምና፣ ስድስት የሥራ ቀን ቀርታ ተመለሰች። ኅዳር 12 ቀን ከፋብሪካው በር ላይ የስንብት ደብዳቤ ሰጧት።

ደብዳቤውን ይዛ ስድስት ኪሎ ድረስ መጣች። አንብቤ "እትዬ፥ ይህ ሕገ ወጥ ስንብት ነው" አልኋት፤ በዚህስ አልተሳሳትሁም ነበር። ቀጥላ ግን የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም "የአለቆች ቁጣ ሲበርድ እንጠራሻለን፤ ነገር አታክርሪ" እንዳላት ነገረችኝና "ምን ላድርግ ልጄ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ሊቅ ጥቂት ዝም ብዬ ካሰብሁ በኋላ፣ "እንግዲያው ጠብቂ፤ ከከሰስሻቸው ይቀየሙሻል። መብትሽ እንደሆነ የትም አይሄድም" አልኋት። "መብትሽ የትም አይሄድም" ያልሁትን እስከ ዛሬ ባስታወስሁ ቁጥር ፊቴ በኀፍረት ይቃጠላል።

ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥርም አለፈ፤ የጠራት የለም። የካቲት 12 ቀን ጠዋት ከጊቢያችን ፊት ለፊት ካለው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ፣ ስለ ግፍና ስለ ፍትሕ ከፍ ባለ ድምፅ እናገር ነበር። በዚያው ዕለት የአክስቴ ትልቁ መብት ያለ ድምፅ መሞቱን አላወቅሁም።

በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን ስለ አንድ ጠበቃ ነግሮን የካቲት 18 ቀን ሰኞ ወደ ልደታ ወረድን። ልደታ በድሮ ጊዜ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረበት ሰፈር ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው "ልደታ ሄጄ ነበር" ካለ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ነው፣ ወይ ከሶ ወይም ተከሶ ነው። ከባቡሩ ወርዶ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚሄድ ሰው መንገድ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የላስቲክ ማኅደር ያቀፈውን ሕዝብ መከተል ብቻ ይበቃል። በየጥጉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች፣ ፎቶ ኮፒ አንሺዎችና ቴምብር ሻጮች አሉ። የጠበቃው ቢሮ ከዚያው አቅራቢያ፣ ከአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነበር።

ጠበቃው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው "ማስታወቂያ ይመስላል" ብለው ከልክለውኛል። አክስቴ የደረሰባትን ከእናቷ ሞት ጀምራ ልትተርክ ስትል፣ በትሕትና አቋረጧትና "እህቴ፥ እግዜር ያጽናዎት፤ በመጀመሪያ ደብዳቤውን ይስጡኝ" አሏት። ከደብዳቤው ውስጥ ቃሉን አላነበቡም፤ ከራስጌው ያለውን ቀን ብቻ አዩ። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው በእርሳስ ጫፍ ይቆጥሩ ጀመር።

"ሦስት ወሩ የካቲት 12 ቀን አልቋል። ዛሬ 18 ነው" አሉ። "ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ጥያቄ በይርጋ ታግዷል።"

እኔም ፈጥኜ "ጋሼ፥ እንጠራሻለን ያላት ሰው እኮ አለ" አልሁ።

"በጽሑፍ ነው?"

"የለም፥ በቃል ነው።"

"እንግዲያው የለም ማለት ነው።"

የይርጋ ዘመን የሚቋረጠው ጉዳዩ ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን ሲቀርብ፣ ወይም ባላጋራው መብቱን በግልጽ ሲያምን መሆኑን አስረዱን። በር ላይ የተነገረና ተናጋሪው ነገ የሚክደው ቃል ቀኑን አያቆመውም። ከዚያ ቀና ብለው "ይጠብቁ ብሎ የመከረዎት ማን ነው?" ሲሉ ጠየቋት። አክስቴ መሬት መሬቱን እያየች "ማንም አላለኝም ጌታዬ፤ በራሴ ስንፍና ነው የዘገየሁት" አለች። እንደዚያ ቀን ያለ ኀፍረት ደርሶብኝ አያውቅም። "እኔ ነኝ የመከርኋት፤ የሕግ ተማሪ ነኝ" አልሁ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። "የዳኝነቱ ገንዘብ አያሳስባችሁ፤ ሠራተኛ በሥራ ክርክር አይከፍልም። ከስንብቱ የሚመጣ ክፍያም ይርጋው ስድስት ወር ስለ ሆነ ያኛው በር ገና አልተዘጋም" ካሉ በኋላ፣ ወደኔ ዞረው "አንተ ግን ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ድረስ፤ ቀን መቁጠር እንማራለን" አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ክፍል በማይኖረኝ ቀን ሁሉ ልደታ ተመላለስሁ።

ጠበቃው ከዚሁ ከኛው የሕግ ፋኩልቲ በ1970ዎቹ የተመረቁ ናቸው። በመጀመሪያ የአንድ የመንግሥት ንግድ ድርጅት ነገረ ፈጅ ነበሩ። መንግሥት ድርጅቶቹን ወደ ግል ማዛወር በጀመረበት ዘመን እርሳቸውም ከተቀናሾቹ መካከል ሆኑ። "የመጀመሪያ ደንበኛዬ እኔው ራሴ ነበርሁ፤ ክፍያውንም እስከ ዛሬ አልከፈለኝም" እያሉ ይቀልዳሉ። የራሳቸውን ክርክር ከተከራከሩ በኋላ የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው፣ እነሆ ከ25 ዓመት በላይ በአሠሪና ሠራተኛና በንግድ ጉዳይ ሲሟገቱ ኖረዋል።

በመደርደሪያቸው ላይ የሠራተኛ ሕጎቻችን እንደ ዘር ሐረግ ተደርድረው አየሁ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210፣ ቀጥሎ የ1968ቱ ቁጥር 64፣ የ1985ቱ ቁጥር 42፣ የ1996ቱ ቁጥር 377፣ በመጨረሻም ዛሬ የምንሠራበት የ2011ዱ ቁጥር 1156 ናቸው። የመጀመሪያው አዋጅ የወጣበት 1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲያችን የተከፈተበት ዓመት መሆኑን አስታወሱኝ። ሦስት መንግሥት አልፎ አምስት ጊዜ የተጻፈ ሕግ ቢሆንም፣ ከታች የሚመጣው ሰው ጥያቄ ግን አንድ መሆኑን ይናገራሉ፤ "እንጀራዬን ያለ ምክንያት ነጠቁኝ" የሚል ነው።

በሥራ ክርክር ችሎት ያየሁት እንደ ጠበቅሁት አልነበረም። እኔ ነጎድጓድ ጠብቄ ነበር። አንድ ሾፌር፣ ቀጥሎ በኤጀንሲ የተቀጠረ ዘበኛ፣ ቀጥሎ "ሂጂ" ብቻ ተብላ የተባረረች የሆቴል ሠራተኛ ቀረቡ። ዳኛው የሚጠይቁት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ መቼ ተቀጠርህ? መቼ ተሰናበትህ? ደብዳቤ አለ? ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል? የኔ ጠበቃ ተነሥተው የሚናገሩት ከሁለትና ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። ሥራው ያለቀው ማታ ቢሮ ውስጥ፣ የክስ ማመልከቻውና የማስረጃው ዝርዝር ሲጻፍ መሆኑን ቆይቼ ተረዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ንግድ ችሎት እንሄዳለን። እዚያ የሚመጣው ባለ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ኮት ለባሽ ነጋዴ፣ የአክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ ከመርካቶ የመጣ ጅምላ ሻጭ ነው። ሕጉም ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ከ60 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩትን መጻሕፍት ተክቷል። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም እንኳ ፈቅዷል። ስለ ቼክና ስለ ሐዋላ ወረቀት የሚናገረው ክፍል ግን የጥንቱ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ጠበቃው የማኅበር ጠብ ሲኖር አዲሱን መጽሐፍ፣ ስንቅ የሌለው ቼክ ሲመጣ ጠርዙ ያለቀውን አሮጌውን መጽሐፍ ይዘው ይወርዳሉ። የቼክ ክስ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል፤ ተከሳሹም ልከላከል ለማለት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

አንድ ቀን ካገር ቤት ጀምረው አብረው ያደጉ ሁለት ነጋዴዎች ተካሰው መጡ። አንዱ ለአንዱ ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ ኖሮ፣ ውላቸው በመሐላ እንጂ በወረቀት አልነበረም። ከሳሹ በችሎት ፊት "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማህም ወይ?" ብሎ ባልንጀራውን ሲጠይቀው፣ ያ ሰው አንገቱን ደፋ፤ ብድሩን ግን አላመነም። ጠበቃው ስንወጣ "ሌላም ተረት አለን፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጣፍ ያለ ይወረሳል። ሕዝባችን ሁለቱንም ያውቃል፤ ፍርድ ቤት የሚሰማው ግን ሁለተኛውን ነው" አሉኝ። በንግዱም በሥራውም ክርክር ነገሩ የሚቆመው በወረቀትና በቀን ላይ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች በአንዱ ብልኀት ያገኘሁ መስሎኝ እንዲህ አልኋቸው። "ጋሼ፥ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ባላጋራው ካላነሣው ክሱ ይሄዳል። ታዲያ አክስቴ ወደ ሥራ ልመለስ ብላ ብትጠይቅስ? ምናልባት ይዘነጉት ይሆናል።" እርሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱኝና "አይዘነጉትም። ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ ለአንድ ድርጅት ቆሜ፣ በአምስት ቀን የዘገየ ሠራተኛ ላይ ይህንኑ መቃወሚያ አንሥቼ አስዘግቻለሁ" አሉኝ።

ደነገጥሁ። አክስቴን ያለ ክፍያ የሚረዷት ሰው የሌላውን አክስት በር የሚዘጉ መሆናቸው ነው። ጥቂት ቀን ከርሳቸው ጋር መሄዱን እንኳ ተጸየፍሁት። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ "ታዲያ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

የመለሱልኝን እንደ ሰማሁት ልጻፍ። "በዚያ መዝገብ የድርጅቱ ወገን ነበርሁ። የድርጅቱን መከላከያ ደብቄ ብቀመጥ ደንበኛዬን የከዳሁ ነኝ፤ ዛሬ እርሱን የከዳ ነገ አክስትህን ይከዳል። ደግሞ ቀኑ ሠራተኛውን ብቻ የሚቀጣ አይምሰልህ። ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚያስችል ጥፋት ያገኘ አሠሪም ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላደረገው መብቱ ይቀርበታል። በዚህ ስንቱን ሠራተኛ መልሻለሁ። ለድርጅት የምሰጠው ትልቁ አገልግሎት ችሎት ላይ የምናገረው አይደለም፤ 'ይህን ሰው አታባርሩት፥ ሕግ አይፈቅድላችሁም' ብዬ ደብዳቤው ሳይጻፍ የማስቀረው ነው። እርሱ ግን በመዝገብ አይጻፍም፤ አጨብጫቢም የለውም።"

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ "ያን በአምስት ቀን የዘገየውን ሰው ግን አልረሳሁትም" አሉ። ከዚህ የበለጠ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጓደኞቼ፤ በዚህ መልስ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ ብል እዋሻለሁ። ድርጅት ቀን የሚቆጥርለት ሰው በደመወዝ ቀጥሮ ያስቀምጣል፤ የስፌት ሠራተኛ ግን ሐዘን ተቀምጣ ቀኑ ያልፍባታል። ሁለቱ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ቢባልም የቀን መቁጠሪያቸው እኩል አይደለም። ቢሆንም ጠበቃውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አክስቴ እኮ ቀን የሚቆጥርላት ሰው አላጣችም፤ እኔ ነበርሁላት። ሳትዘገይ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ደብዳቤዋን ይዛ መጥታ ነበር። በሩን የዘጋው የፋብሪካው ጠበቃ ሳይሆን የኔ ያልተመረመረ ንግግር ነው።

ክሱ የካቲት 21 ቀን ቀረበ። ፋብሪካው "ስድስት ቀን ቀርታለች" ብሎ መለሰ። ጠበቃው ሁለት ነገር ብቻ አቀረቡ። አንደኛው፣ ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር በሕግ የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ የቀረችው ስድስት ሳይሆን ሦስት ቀን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብተው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረን፣ ያውም በጽሑፍ እየተነገረው የቀረን ሰው መሆኑ ነው። "ለከሳሽ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ካለ ይቅረብ" አሉና ተቀመጡ። አልቀረበም፤ አልነበረምና። እኔን ያሸነፈኝ የወረቀት እጦት በዚያን ቀን ፋብሪካውን አሸነፈው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃው ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ፍርዱም ሚያዝያ 17 ቀን ተሰጠ። አክስቴ የወር ደመወዟ 3600 ብር ነበር፤ በቀን 120 ብር ማለት ነው። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሩት አሥር ዓመታት ለያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ የ130 ቀን ደመወዝ ሆነ፤ 15600 ብር። ስለ ሕገ ወጡ ስንብት ካሳ የ180 ቀን፣ 21600 ብር። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ስላገለገለች የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሦስት ወር፣ 10800 ብር። ጠቅላላው 48000 ብር ነው። ጠበቃው አንድ ሳንቲም አልወሰዱም። የ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ድኻን እንዲያገለግል አዝዞ ስለ ነበር፣ "ከዚያ ልማድ አልወጣሁም" ብለው ሸኙን።

ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ "እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ" አልኋት። እርሷም "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ካለች በኋላ፣ ጥቂት ሄዳ "ገንዘብማ ያልቃል፤ እኔስ መኪናዬን ነበር የምፈልገው" አለች። መኪናዬ የምትለው 11 ዓመት የተቀመጠችበትን የስፌት መኪና ነው። ዛሬ በአንድ ትንሽ ስፌት ቤት ከቀድሞው ባነሰ ደመወዝ ትሠራለች። በስድስት ቀን ምክንያት።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለጓደኞቼ የማስተላልፈው ረጅም ትምህርት አይደለም። ዘመድ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ከመናገር በፊት ቀኑን እንይ፤ የማናውቀውን አናውቅም እንበል፤ ወደሚያውቅ ሰው ወይም በሕግ ትምህርት ቤታችን ወዳለው ነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት በዚያው ሳምንት እንላክ። ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር፣ ለክፍያ ስድስት ወር መሆኑን የሕግ ተማሪ ያልሆነውም ሊይዘው ይችላል።

አክስቴ እስከ ዛሬ በኔ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ይልቁንም በሰፈሯ ሥራውን ያጣ ሰው ሁሉ ሲያማክራት "የወንድሜ ልጅ ሕግ ተምሯል፤ ለኔም የተሟገተልኝ እርሱ ነው" እያለች ትልክብኛለች። ይህ እንዳልሆነ ብነግራት አትሰማኝም። ሰዎቹ ሲመጡ፣ ገና ታሪካቸውን ሳይጀምሩ፣ "በመጀመሪያ ደብዳቤውን ይስጡኝ" እላለሁ።